ስልሳ ሦስት ድንጋይ፣ ስልሳ አራት ስም

ለክቡር ሚስተር ሌይተን ሃርግሬቭ
የላርክስሌይ ፕሬዚዳንታዊ ቤት የባለአደራ ቦርድ ሊቀ መንበር
ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት ድንጋይ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የክብርት ባለቤትዎንና የመላውን ቦርድ ጤንነት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ፈጣሪ ጉልበትዎን እንዲያበረታ፣ የደም ግፊትዎን እንዲያወርድና እንቅልፍዎን ከቅዠት እንዲጠብቅልዎ እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አክስቴ አይዶራ ግን ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ዐርፋለች። በዘጠና ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ጎረቤቶቼ በጊዜዋ ሄደች እያሉ ያጽናኑኛል፤ እውነታቸውን ነው። የቸገረኝ የሄደችበት ጊዜ ሳይሆን የምትተኛበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው ያለው።

እኔ ኦዜላ ዊንቡሽ እባላለሁ። በስም ባያውቁኝ በመልክ ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ረጅም ቀሚስና ነጭ ሻሽ አልብሳችሁ በፊት በር ያቆማችሁኝ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት እንግዳ ያስጎበኘሁላችሁ ሴት ነኝ። ጡረታ ስወጣ የቤቱ ሥዕል ያለበት የሸክላ ሳህን በገዛ እጅዎ ሰጥተውኛል። ስለ ሳህኑ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በዚህ ደብዳቤ የፕሬዚዳንቱን ስም አለመጥራቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ስማቸው በአውራጃችን በሁለት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ ነዳጅ ማደያና በሰባት መንገድ ላይ ተጽፎ ስላለ ለጊዜው ይበቃቸዋል ብዬ ነው። ዛሬ ተራው የሌሎቹ ይሁን።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት እንድናገረው ጽፋችሁ ስለሰጣችሁኝ ወረቀት ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ «ፕሬዚዳንቱ ይህን ቤት በሃያ ሁለት ወር ሠርተው አጠናቀቁ» ይላል። እኔም በቀን አራት ጊዜ፣ በበጋ ደግሞ ስድስት ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ አራት መቶ ሺህ ጡብ አቡክተው፣ ቀርጸው፣ አቃጥለውና ደርድረው እጃቸው ላይ አንዲት እባጭ እንኳ ሳትወጣ እንደጨረሱ ስናገር ኖርሁ። እንግዶቹም ያደንቁ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ከኦሃዮ የመጡ አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የኔ እመቤት፣ እኚህ ሰውዬ ሁሉንም ራሳቸው ከሠሩት ያን ሁሉ የነጻነት ንግግር የጻፉት መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አሳለፍኋቸው።

ከፊት በሩ በስተግራ፣ ከመሬት ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ የሦስት ጣት ምልክት የቀረበት ጡብ አለ። ጭቃው ሳይደርቅ ያነሳው ሰው ጣት ነው። በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ የትንሿ ጣቴ ጫፍ እንኳ አይገባበትም። የጣቶቹ ባለቤት ታማር ትባላለች፤ ጡብ ሠሪው የጁዳ ልጅ ነበረች፣ ዕድሜዋ ስድስት ነበር፣ ሥራዋም እርጥቡን ጡብ እያገላበጠች ፀሐይ ማስመታት ነበር። ይህን ለእኔ የነገረችኝ አክስቴ አይዶራ ናት፤ ለእሷ አያቷ፣ ለአያቷም የእሷ አያት። የቅርስ ክፍል ኃላፊያችሁ ወይዘሮ ሜሬዲት ግን ታማር ስለመኖሯ የጽሑፍ ማስረጃ እንደሌለ በትሕትና አስረድተውኛል። ልክ ናቸው። በዚያ ዘመን የእኛ ሰው ስም የሚጻፈው ሲሸጥ ነበር፤ ታማር ደግሞ ሳትሸጥ ሞተች።

ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የየዕለቱን አየር የሚጽፉባት ትንሽ ደብተር በመስታወት ሣጥን ውስጥ አለች፤ እኔም አቧራዋን ሳራግፍ ገጽ በገጽ አንብቤ ጨርሻታለሁ። ሥልጣን በያዙ በአምስተኛው ወር፣ በነሐሴ አንድ ቀን፣ እንዲህ ይላሉ፤ «ሰማዩ ጠርቷል። ነፋስ ከምዕራብ። ዝናብ የለም። ጡብ ማቃጠሉ እስከ ቀትር ተቋርጧል።» ዝናብ ሳይኖር የጡብ እሳት ለምን እንደሚቋረጥ የሚያውቅ ሰው ፈልገው ይጠይቁ፣ ክቡር ሆይ። ያ እሳት አንዴ ከተለኮሰ ሌት ተቀን ይጠበቃል እንጂ ተትቶ አይኬድም። ያን ዕለት ጁዳ ትቶት ሄዷል። ወዴት እንደሄደ ፕሬዚዳንቱ አልጠየቁም፣ ወይም ጠይቀው መልሱን አልጻፉትም። ለአንዲት ሕፃን ሞት የተሰጠው ግማሽ ቀን ነው።

የሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ፕሬዚዳንቱን እጠላቸዋለሁ ብል ዋሸሁ። ለሃያ ስድስት ዓመት የሰውን መነጽር እያጸዱ ያን ሰው መጥላት ከባድ ነገር ነው። አራት ልጅ ቀብረዋል፤ በመጨረሻው ክረምታቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት ይታያል። እንግዶቹ በግቢው ቆመው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ አንዱ «ደግ ጌታ ነበሩ፣ ማንንም አልገረፉም» ይላል፣ ሌላው «ሐውልታቸው ይውረድና ይለቅልን» ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ለምስክርነት ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም ፈገግ ብዬ የኑዛዜያቸውን ቅጂ አሳያቸዋለሁ። ሽማግሌው ፈረሳቸው ከእንግዲህ ሸክም እንዳይጫንበትና እስኪሞት በሰላም እንዲግጥ አዘዋል፤ ሰዎቹን ደግሞ ልጆቻቸው በእኩል እንዲካፈሉ አዘዋል። ፈረሱ እድለኛ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ መመገቢያ ክፍሉ የሚወስደውን የምድር ቤት መተላለፊያ ይመለከታል። ፕሬዚዳንቱ አገልጋይ በፊታቸው ሲያልፍ ማየት ስላልወደዱ ያሠሩት ነው። እኔ የዲያቆን ልጅ ነኝ፣ በመናፍስት አላምንም። ሆኖም በዚያ መተላለፊያ ስሄድ፣ በጠራራ ቀን፣ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ሳለ፣ ትልቅ ዕቃ የተሸከመ ሰው ከፊቴ የሚመጣ ይመስለኝና ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ግድግዳውን ተጠግቼ አሳልፋለሁ። ማንም አያልፍም። አዲስ የሚቀጠሩ አስጎብኚዎች ሁሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ማድረግ ይጀምራሉ። ባለፈው ዓመት እርስዎም ለጋሾቹን ይዘው ሲያልፉ ንግግርዎን አቋርጠው ጥግ ይዘው አሳለፉ። አየሁዎት። ለዚያች ትሕትናዎ የማመሰግንዎ ያለ ምንም ቅኔ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም የጥፋቱ እኩሌታ የእኔ ነው።

ከቤቱ በስተደቡብ፣ ከጥቁሩ የለውዝ ዛፍ በታች ያለውን ቁልቁለት እኛ የማውንት ኔቦ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ታችኛው መቃብር እንለዋለን። ከጁዳ ዘመን ጀምሮ እስከ አክስቴ ልጅነት ድረስ የእኛ ሰው የተቀበረው እዚያ ነው። የተጻፈበት ድንጋይ አንድም የለም፤ በጌታው ዘመን መጻፍ ክልክል ነበር፣ ከዚያም በኋላ የጽሑፍ ድንጋይ አቅማችን አልነበረም። በየራስጌው ከወንዙ የመጣ ድንጋይ ይተከላል። በላዩም መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ በክረምት ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በጸደይ ሰማያዊ አበባ የምታወጣ ሐረግ ይተከላል። በአገራችን ጫካ ውስጥ ያቺን ሐረግ ያየ ሰው ቆቡን ያወልቃል፣ ከሥሯ ሰው አለና። ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ የበላበት ወይም የጠጣበት ዕቃ ደግሞ ተሰብሮ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። የሚሰበረው ሞት በዚያው እንዲቆምና ሌላ የቤት ሰው እንዳያስከትል ነው።

በየዓመቱ በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ ሄደን እናጸዳዋለን። ማጽዳት ስንል የወደቀ ቅርንጫፍ እናነሳለን ማለት ነው፤ ድንጋዩን፣ ሐረጓንና ስባሪውን የሚነካ የለም። ከዚያ አክስቴ አይዶራ ከላይ ጀምራ እስከ ታች ስሞቹን ትጠራለች። ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ ድንጋዮቹን የምታውቀው በመዳፏ ነበር። ጎንበስ ብላ ትዳብስና «ፊሊስ፣ ልብስ አጣቢ፤ ሦስት ወንድ ወልዳ አንድም ያልቀረላት» ትላለች። ቀጥሎ «ኤነስ፣ በርሜል ሠሪ፤ ሳቂታ ነበር አሉ» ትላለች። ድንጋዩ ስልሳ ሦስት ነው፣ የምትጠራው ስም ግን ስልሳ አራት ነበር። የመጨረሻውን ስም፣ የታማርን፣ ስትጠራ ምንም ሳትዳብስ ፊቷን ወደ ኮረብታው ታዞር ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት፣ «ኋላ ትደርሽበታለሽ፣ አሁን ዝም ብለሽ እግርሽን አንሺ፣ አፈር ስሆን ሐረጓን ረገጥሽብኝ» ብላኛለች።

ያለፈው ዓመት በጋ ወይዘሮ ሜሬዲት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጡ። ኬክ ይዘው ነበር። የአባቶቻችንን ማረፊያ ቦርዱ በራሱ ወጪ አጽድቶ በክብር ሊያስውብ መፈለጉን በእንባ ነገሩን። ምእመናኑ ወደ እኔ አዩ፣ ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝና። እኔም «አጽዱልን፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አልሁ። ያልኋት ይህችን ብቻ ነው። ድንጋዩ እንዳይነሳ አላልሁም፣ ምክንያቱም የመቃብር ድንጋይ የሚያነሳ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።

ክቡር ሆይ፣ ሥራችሁ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነበር። ስልሳ ሦስቱን ድንጋይ ከያለበት ነቅላችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ፣ በሲሚንቶ አጣብቃችሁ፣ ወገብ የሚደርስ የመታሰቢያ ግንብ አቆማችሁበት። «ላርክስሌይን ላገለገሉ ሁሉ በምስጋና» የሚል የነሐስ ሰሌዳም ለጠፋችሁበት። ሐረጓን እንደ አረም አስነቅላችሁ ሣር ዘራችሁ። የአባቶቻችንን የመጨረሻ ስኒዎች ስባሪ ለቅማችሁ ቁጥር በተጻፈባቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች ከትታችሁ መሳቢያ ውስጥ አኖራችሁ። ማን የት እንደተኛ ይነግረን የነበረ ነገር ሁሉ በሁለት ቀን ተኩል አለቀ። በጅራፍ ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብንም፤ ይህን ያደረገብን ፍቅር ነው።

የምረቃው ቀን ትዝ ይልዎታል። ቫዮሊን ነበር፣ ንግግርዎም ያምር ነበር። ያን ጊዜ አክስቴ አይዶራ ክንዴን ይዛ፣ «ሣሩ ለምን ተላጨ? ኦዜላ፣ እግሬ ስር ምንም የለም እኮ» አለችኝ። ወደ ግንቡ መራኋትና መዳፏን አስነካኋት። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሲቆም ሰምተዋል። እየዳበሰች ሄደች። «ይሄ ጁዳ ነው፤ በፊቱ ደፍተውታል» አለች። «ኤነስን ከፊሊስ ላይ ጭነውታል፤ እነዚህ እኮ በሕይወትም አይስማሙም ነበር» ስትል አንድ ሰው ሳቀ። አሥራ ዘጠኙን ለየች። የሌሎቹ ፊት ወደ ሲሚንቶው ዞሮ ስለነበር ልታውቃቸው አልቻለችም። ከግራ ዘጠነኛው፣ ከመሬት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። አውራ ጣት ልክ የሚገባበት ስርጉድ ያለው ነጭ ድንጋይ ነው። በስምንት ዓመቷ በእናቷ በሳብራ ራስጌ ሲተከል እሷ ራሷ የያዘችው ድንጋይ ነው። በጉልበቷ ተንበረከከች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ ማነው ያቆመሽ?» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ አክስቴ እንቅልፍ አጣች። «ተኝተው የነበሩትን ሰዎች አቆሟቸው እኮ፤ ቆመው እኔ እንዴት ልተኛ?» ትል ነበር። በመኪና በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ግንቡን አያለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስሉኛል። «አጽዱልን» ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን ለእርስዎ የምጽፈው ለማንም መናገር ስላቃተኝ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ፈጣን መልሳችሁ። አክስቴ ሐኪሞቹ የሳምንታት ዕድሜ እንደቀራት ሲነግሯት የለመነችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷ ድንጋይ ከግንቡ ወጥቶ ወደ ቦታው እንዲመለስና እሷም ከእናቷ ጎን እንድትቀበር። በመጋቢት ጻፍሁላችሁ። በሚያዝያ የደረሰኝ ደብዳቤ እጅግ ቢያምርም ቃሉን ቃል በቃል መድገም ረጅም ስለሚሆን ፍሬ ነገሩን ላቅርብ። ግንቡ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ቅርስ ስለሆነ አንድም ድንጋይ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይወጣም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በጥቅምት ነው። ግቢው ፕሬዚዳንቱ በሞቱበት ቀን እንደነበረ ተጠብቆ መቆየት ስላለበት ደግሞ በታችኛው መቃብር አዲስ ቀብር አይፈቀድም።

ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ለአክስቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ሳቋ ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ ሳቀችና፣ «ታዲያ ፕሬዚዳንቱ ሲሞቱ አይስክሬም መሸጫው ነበረ እንዴ?» አለችኝ። እኔም የመጸዳጃ ቤቶቹን፣ የስጦታ ሱቁንና የኤሌክትሪክ መኪናዎቹን አስታወስኋት። ኮረብታው ላይ ባለው በላይኛው መቃብር፣ በብረቱ አጥር ውስጥ፣ የፕሬዚዳንቱ ዘሮች እስከ ዛሬ ድረስ እንደሚቀበሩና ያለፈው የካቲት የእርስዎ የአጎት ልጅ በዚያ እንዳረፉ ግን አላነሳሁባትም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔም ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ። ኮሚቴ ሲሰበሰብ አላየሁም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እናንተ ግን አልረሳችሁም፤ ረስታችሁማ ቢሆን ድንጋዮቹ ዛሬም በየራስጌያቸው ነበሩ። ያጠፋን መታሰባችን ነው።

አምስተኛውን ቅሬታ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የስድብ ቃል ነበረበት፣ አክስቴም በሕይወት ብትኖር አትወደውም ነበር።

ስድስተኛው ቅሬታ ሳይሆን የምሥራች ነው። አክስቴን፣ ድንጋዩ ከተነቀለ እናቷ የተኛችበትን ቦታ በምን እንደምናውቀው በጠየቅኋት ጊዜ፣ «ሐረጓ ትመጣለች፤ እሷ እንደሆነች የማንም ትእዛዝ ሰምታ አታውቅም» ብላኝ ነበር። በዕድሜ ነው ብዬ ተውኋት። በዚህ ጸደይ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በሣራችሁ መካከል መጣች። ሥሯ ከታች ቀርቶ ኖሯል። ወይዘሮ ሜሬዲትም በሁለት ዙር የአረም መድኃኒት እንዲረጭባት ማዘዛቸውን ሰምተናል። የግቢው ሣር አጫጅ ሮስኮ የማውንት ኔቦ ሰው ነው። ባለፈው ዓርብ ጡረታ ስለወጣ አሁን ብናገር አይጎዳውም፤ ሁለቱንም ጊዜ በመርጫው የሞላው ውሃ ነው። «ደረቅ ወር ነበር፣ ጠጣች ምስኪን» ይላል፣ ሳቁን ማፈን እያቃተው።

ሰኞ ዕለት ከሮስኮ ጋር ሄደን አየናት። በየቦታው ክብ ክብ ሆና ሳይሆን ርዝመት ይዛ፣ የሰው ቁመት ያህል ይዛ፣ በምሥራቅ ምዕራብ ተዘርግታ ሰማያዊ አበባዋን አውጥታለች። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ የልጅ ነው። ቆጠርን። ስልሳ ሦስት ነው። ሮስኮ ቆቡን አውልቆ «እዚህ ላይ ዓመት ሙሉ በማጨጃ ስሄድባቸው ነበር እኮ» አለ፣ ተቀምጦም አለቀሰ። ከጥቁሩ የለውዝ ዛፍ ሦስተኛዋ ሳብራ ናት። አጠገቧ ባዶ መሬት አለ፣ ለአንድ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ነው። አክስቴ አይዶራ አሁን በከተማው አስከሬን ቤት ሆና የእርስዎን ፊርማ እየጠበቀች ነው። ቀብሯ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በታችኛው መቃብር፣ ከእናቷ ጎን ይፈጸማል። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ነጩ ድንጋይ፣ ከግራ ዘጠነኛው፣ ከመሬት ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግንቡ እንዲወጣ ያዙልን። ቀሪዎቹን ስልሳ ሁለቱን በጥቅምት ከኮሚቴያችሁ ጋር ተቀምጠን እንነጋገርባቸዋለን፤ እነሱ መጠበቅ ለምደዋል። ፈቃዱ ቢመጣ አመስግነን እንመጣለን። ባይመጣም እንመጣለን። የማውንት ኔቦ ሰው ሁሉ በእግሩ ይመጣል፣ ሮስኮም አካፋውን ጡረታ አላወጣውም።

ስለ ሳህኑ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አክስቴ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከሱ በቀር ከሌላ ዕቃ አልበላም ብላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። እሑድ ጠዋት የመጨረሻዋን የበቆሎ ገንፎ ማንኪያ የቀመሰችው በእርስዎ ስጦታ ሳህን ላይ፣ ከፊት በሩ ሥዕል ላይ ነው። በሥርዓታችን መሠረት ቅዳሜ መቃብሯ ላይ ይሰበራል። እባክዎ ስባሪውን አይልቀሙት።

ለእርስዎና ለቦርዱ ረጅም ዕድሜ፣ ለግቢውም ብዙ ጎብኚ እየተመኘሁ፣ ወረቀት በሌለበት ዘመን ስም በቃል ይዘው ያቆዩልንን ሴቶች ሁሉ ወክዬ፣ ከስልሳ አራቱ ስም አርባ አንዱን ብቻ በቃሏ መያዝ የቻለችው፣ ስለ ቀሪዎቹ ሃያ ሦስት እስክትሞት የማትተኛው፣

ኦዜላ ዊንቡሽ
የቀድሞ አስጎብኚ

ግልባጭ፦
ለፕሬዚዳንቱ፤ በላይኛው መቃብር
ለጁዳ፤ በግንቡ ውስጥ፣ በፊቱ ለተደፋው
ለሳብራ፤ ልጅሽ እየመጣች ነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ስልሳ ሦስቱን ቆጥረን ስንጨርስ አክስቴ ለስልሳ አራተኛው ስም ፊቷን ወደ ኮረብታው ታዞር እንደነበር ትዝ አለኝና ወደ ላይ ወጣሁ። ሐረጓ በላይኛው መቃብርም አለች። በብረቱ አጥር ውስጥ፣ ከፕሬዚዳንቱ ሐውልት አሥራ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ከክንዴ ብዙ በማትረዝም ርዝመት ብቻዋን አብባለች። ጁዳ እሳቱን ትቶ በሄደ ጊዜ ኮረብታው ላይ ገና አጥርም መቃብርም አልነበረም፤ ልጁን የቀበራት የሠራችው ቤት ከሚታይበት ቦታ ነው። ጌቶቹ ኋላ መጥተው በላይዋ አጠሩባት እንጂ ያገሩ ባለቤት ታማር ነበረች። አበባዋ የወጣችበት ቦታ ላይ «ለኤል. ሃርግሬቭ የተያዘ» የሚል ትንሽ የእንጨት ምልክት ተተክሎ አገኘሁ። ቀንዎን ያርቅልዎ፣ ክቡር ሆይ፤ ሲደርስ ግን ከስድስት ዓመት ልጅ ጎን መተኛት ስለሚፈልጉ የቤተሰቧን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ማመልከቻዎን ለማውንት ኔቦ ይላኩልን። ኮሚቴያችን የሚሰበሰበው በጥቅምት ነው።